ፈንዲሻ የምትባለውን የኪሮሽ ሥራ እንዴት ተማርን



በዚህ ሳምንት የምንጽፍላችሁ ስለ ክር ነው። እኛ ፊደል ልናስተምር መጥተን ክር ተማርን። ያስተማሩንም ከፊታችን የሚቀመጡት ተማሪዎቻችን ናቸው። የተማርነውን ለእናንተም ብናካፍላችሁ ይጠቅማል አልን። ንባቡ ረዘም ይላል። በአንድ ቀን ካልጨረሳችሁት በሁለት ቀን አንብቡት።

እኛ አራት ነን። ሁለታችን ሴቶች፣ ሁለታችን ወንዶች ነን። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነን። ትምህርት ሲዘጋ፣ በክረምት፣ ፊደል ለማስተማር ወደ ገጠር መጣን። ከመካከላችን ከሃያ ሦስት ዓመት ያለፈ የለም። የምናስተምራቸው ግን ብዙዎቹ እናቶቻችንን ያህላሉ።

ትምህርቱ የሚጀመረው ከሰዓት በኋላ ነው። ሴቶቹ ውኃ ቀድተው፣ ምሳ አብልተው፣ ቡና አፍልተው ይመጣሉ። አንዳንዶቹ ሥራ ይዘው ነው የሚመጡት። አንዷ እንዝርቷን ይዛ ትፈትላለች። አንዷ ስፌት ትሰፋለች። አንዲት እናት ደግሞ ኪሮሽ ይዘው ይመጣሉ። እኛ "እትዬ" እንላቸዋለን። እሳቸው "ልጆቼ" ይሉናል።

እትዬ የሚሠሩት የረከቦት ልብስ ነው። ነጭ ነው። ከላዩ ላይ ግን ጉብ ጉብ ያሉ ነገሮች አሉት። በጣት ሲዳስሱት ሽምብራ የተነጠፈበት ይመስላል።

"እትዬ፣ ይኼ ምንድን ነው?" አልናቸው።

"ፈንዲሻ ነዋ!" አሉን። "ከቡና ጋር የምትበሉት ፈንዲሻ!"

እውነትም ፈንዲሻ ይመስላል። በቆሎ በምጣድ ላይ ሲፈነዳ እንደሚያብጥ ሁሉ፣ ክሩም ከሥራው ላይ አብጦ ወጥቷል። እንግሊዞችም ይህን አሠራር በቋንቋቸው የሚጠሩት በፈንዲሻ ስም ነው።

ለመሆኑ ኪሮሽ ምንድን ነው?

ኪሮሽ ጫፏ የቆለፈ ቀጭን ብረት ናት። ስሟ የመጣው ከፈረንሳይኛ ነው። በዚያ ቋንቋ ትንሽ መንጠቆ ማለት ነው። በእሷ የሚሠራውን ሥራ ዳንቴል እንለዋለን። ዳንቴልም የፈረንሳይኛ ቃል ነው። ስሙ ከውጭ መጣ እንጂ ክር ለእኛ እንግዳ አይደለም።

ሸማኔ ሁለት ዓይነት ክር ይፈልጋል። አንዱ ድር ነው፤ አንዱ ማግ ነው። ድሩ ይዘረጋል፤ ማጉ በድሩ መካከል ይሄዳል። ኪሮሽ ግን አንድ ክር ይበቃታል። ክሩ በራሱ ላይ እየተቆላለፈ ጨርቅ ይሆናል። ኪሮሿ ላይ የሚያድረው አንድ ዓይን ብቻ ነው። ያችን ዓይን አውጥታችሁ ክሩን ብትጎትቱት ሥራው ሁሉ ተርትሮ ይፈታል። ክሩ ግን አይጠፋም። እንደገና ይሠራበታል። ለጀማሪ ደግ ሥራ ነው።

"ኪሮሽ የሴት ነው" የሚሉ አሉ። ከእኛ ከወንዶቹ አንዱ ኪሮሽ ሲይዝ ልጆች ስቀውበታል። እትዬ መለሱላቸው፦ "የለበሳችሁትን ጋቢ ማን ሠራው? ሸማኔው ወንድ አይደለም ወይ?" አሉ። ልጆቹ ዝም አሉ። በአገራችን ጥጥ የምትፈትለው ሴት ናት። የሚሸምነው ግን በአብዛኛው ወንድ ነው። በጋሞ አገር የዶርዜ ወንዶች በሽመና ስማቸው የታወቀ ነው። ክር ወንድና ሴት አይልም።

ሥራው ደረጃ በደረጃ

ፊደልን ከ"ሀ" እንደምንጀምር፣ ኪሮሽም መጀመሪያ አለው። እትዬ ያስተማሩን በዚህ ቅደም ተከተል ነው። ኪሮሽና ክር ካላችሁ እያነበባችሁ ሞክሩት።

1. ሰንሰለት። በክሩ ጫፍ ላላ ያለ ዓይን ቋጥሩ። ኪሮሿን በዓይኑ አስገቡ። ክሩን በኪሮሿ ላይ ጣል አድርጉ። በዓይኑ ውስጥ ጎትታችሁ አውጡት። አንድ ሰንሰለት ሆነ። ክሩን አታንቁት። ከታነቀ ኪሮሿ መግቢያ ታጣለች።

2. ክብ። 8 ሰንሰለት ሥሩ። ኪሮሿን በመጀመሪያዋ ሰንሰለት አስገቡ። ክሩን ይዛችሁ በሁለቱም ዓይን ውስጥ አሳልፉ። ክብ ሆነ። መሃሉ ላይ ቀዳዳ አለ።

3. ቋሚ። ክሩን በኪሮሿ ላይ አንድ ጊዜ ጠምጥሙ። ኪሮሿን በክቡ ቀዳዳ አስገቡ። ክሩን ይዛችሁ ውጡ። አሁን ኪሮሿ ላይ 3 ዓይን አለ። ክሩን ጣል አድርጋችሁ በ2ቱ ዓይን አሳልፉ። 2 ዓይን ይቀራል። ደግሞ ጣል አድርጋችሁ በ2ቱ አሳልፉ። 1 ዓይን ይቀራል። አንድ ቋሚ ቆመ ማለት ነው። እንደ አጥር ቋሚ ቀጥ ብሎ ስለሚቆም እኛ ይህን ስም አወጣንለት።

4. ፈንዲሻ። በዚያው በአንዱ ቀዳዳ 5 ቋሚ አቁሙ። ከዚያ በኪሮሿ ላይ ያለውን ዓይን ሰፋ አድርጋችሁ ኪሮሿን አውጡ። ዓይኑ እንዳይፈታ በጣታችሁ ያዙት። ኪሮሿን ከ5ቱ በመጀመሪያው ቋሚ አናት ላይ ከፊት ወደ ኋላ አስገቡ። የለቀቃችሁትን ዓይን ያዙ። በዚያው ጎትታችሁ አሳልፉት።

አሁን ተመልከቱ። 5ቱ ቋሚዎች ይሰበሰባሉ። ቦታ ስለሚጠብባቸው ወደ ፊት ይፈነዳሉ። ቀጥላችሁ የምትሠሩት ሰንሰለት ይቆልፋቸዋል። ይኸው ፈንዲሻ!

ምሥጢሩ ይህ ነው። ለአንድ በሚሆን ቦታ አምስት ይቆማሉ። መጀመሪያውና መጨረሻው ይገናኛሉ። በ4 ቋሚ ብትሠሩት ፈንዲሻው ያንሳል። በ6 ብትሠሩት ይወፍራል። ነገር ግን የጀመራችሁበትን ቁጥር አትለውጡ። ያለዚያ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ ይሆናል።

አዲስ እጅ

የአዲስ ሰው እጅ መቼም ይደነዝዛል። ኪሮሿን ስንይዝ ትከሻችን ሳይቀር ይታመም ነበር። ክሩም በላብ ይረጥባል። እትዬ አዩንና፣ "እኔም እርሳስ ስይዝ እንዲህ ነኝ" አሉ። እውነታቸውን ነው። ከብዙ ዓመት ጀምሮ ኪሮሽ የያዘ እጃቸው ለእርሳስ አዲስ ነው። ብዙ ዓመት እርሳስ የያዘ እጃችን ደግሞ ለኪሮሽ አዲስ ነው።

ከዚያ ቀን በኋላ አንድ ልማድ አወጣን። ግማሽ ሰዓት እኛ እናስተምራለን። ከዚያ ሩብ ሰዓት እነሱ ያስተምሩናል። እንዲህ ስናደርግ ያየነው ነገር አለ። ቀድሞ "አይገባኝም" ለማለት የሚያፍሩት እናቶች ማፈር ተዉ። እኛ በፊታቸው አሥር ጊዜ እየጠየቅን ምን ያሳፍራቸዋል? "ድገምልኝ" ማለት የተማሪ መብት ነው። እናንተም በምትማሩበት ቦታ ያልገባችሁን ሳታፍሩ ጠይቁ።

ባቄላ እና ደብተር

ዳንቴል ቁጥር ነው። ቁጥሩ ከጠፋ ቅርጹ ይጠፋል። ዙሩ ከሰፋና ጫፉ እንደ ቀሚስ ዘርፍ ከተርገበገበ ቋሚው በዝቷል ማለት ነው። እንደ ጎድጓዳ ሳህን ከሰበሰበ ደግሞ ቋሚው አንሷል ማለት ነው። ስለዚህ መቁጠር ግድ ነው።

እትዬ የሚቆጥሩት በባቄላ ነበር። አንድ ዙር ሲያልቅ አንድ ባቄላ በነጠላቸው ጫፍ ይቋጥራሉ። ስንት ዙር እንደሠሩ ሲረሱ ቋጠሮውን ፈትተው ይቆጥራሉ። ግን ሕፃን ልጅ ባቄላውን አግኝቶ የበላ ቀን ቁጥሩም አብሮ ተበላ!

አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ ሦስት ፊደል ጻፍን። "ሰ"፣ "ቋ" እና "ፈ"። "ሰ" ሰንሰለት ነው። "ቋ" ቋሚ ነው። "ፈ" ፈንዲሻ ነው። ከዚያ እትዬ እየነገሩን የረከቦቱን ልብስ አጀማመር እንዲህ ጻፍን፦

መጀመሪያ፦ 8 ሰ፣ ክብ።
1ኛ ዙር፦ 6 ፈ። በየመካከሉ 3 ሰ።
2ኛ ዙር፦ በየ3ቱ ሰ ክፍተት 4 ቋ። በየፈንዲሻው አናት 1 ሰ።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ጨምሩ። እያንዳንዱ ዙር ሲጀመር 3 ሰንሰለት ወደ ላይ ይወጣል። ይህ እንደ 1 ቋሚ ይቆጠራል። ስለዚህ ለመጀመሪያው ፈንዲሻ 4 ቋሚ ብቻ ይጨመራል። ዙሩ ሲያልቅ መጨረሻው ከመጀመሪያው ጋር ይያያዛል።

ሒሳቡንም አብረን ሠራን። 6 ፈንዲሻ በ5 ቋሚ ስንት ይሆናል? 30 ቋሚ። 2ኛው ዙርስ? 6 ጊዜ 4፣ 24 ቋሚ። ይህን የማባዛት ሒሳብ ከሰሌዳ ላይ ስናስተምር ብዙዎች ይተኙ ነበር። በዳንቴል ሲሆን ግን የተኛ ሰው አላየንም።

እትዬ ጽሑፉን ቀስ ብለው አነበቡት። "ስድስት... ፈ... በየመካከሉ ሦስት... ሰ..." ካሉ በኋላ ቀና አሉ። "ይኼ የእኔ እጅ ነው፤ ወረቀት ላይ ወጣ" አሉ። በማግስቱ ሌላዋ እናት ያንኑ ወረቀት እያነበበች፣ ማንም ሳያሳያት፣ ስድስት ፈንዲሻ ሠርታ መጣች።

የቅጠሉ ሥራ

አሁን የምንነግራችሁ የሚያሳዝን ነገር ነው።

ፈንዲሻውን ለእትዬ ያሳዩዋቸው አክስታቸው ናቸው። አክስትየዋ ሌላም ሥራ ያውቁ ነበር። ቅጠል የሚመስል፣ ከጨርቁ ብድግ ያለ ሥራ ነው። እትዬ ያን ጊዜ ልጅ ነበሩ። "ኋላ እማራለሁ" አሉ። አክስትየዋ ሞቱ። የቅጠሉ ሥራ አብሮ ተቀበረ። በአካባቢው የሚያውቀው ሌላ ሰው የለም። የቀረው አንድ አሮጌ የትራስ ልብስ ብቻ ነው።

እትዬ ያን የትራስ ልብስ በላስቲክ ጠቅልለው አመጡት። ዙሪያውን 8 ቅጠሎች ነበሩበት። ሦስቱ ተበጣጥሰዋል። አምስቱ ደህና ናቸው። መሃሉ ግን የለም። ራስ የሚያርፍበት ስለሆነ አልቋል። ቀዳዳ ብቻ ነው።

ሴቶቹ ከበቡት። አንዷ በመርፌ ጫፍ እየነካች ትቆጥራለች። አንዷ ትጽፋለች። ሌሎቹ "ቆይ፣ ድገሚው" ይላሉ። ሁለት ቀን ፈጀ። ቅጠሉ ከታች በ1 ቋሚ ይጀምራል። ከዚያ 3፣ ከዚያ 5፣ ከዚያ 7 ይሆናል። ከ7 በኋላ ይቀንሳል። 5፣ 3፣ 1። ጫፉ ላይ ይሾላል።

ግን ለምን ብድግ አለ? ይኼን እትዬ አገኙት። ጣታቸውን ከሥሩ አስገብተው ዳሰሱና፣ "አናቱን አይደለም የያዘችው፤ ወገቡን ነው!" አሉ። በተለመደው አሠራር ኪሮሿ የምትገባው በታችኛው ቋሚ አናት ላይ ነው። አክስትየዋ ግን ኪሮሿን በቋሚው ወገብ ዙሪያ ከፊት አስገብተው ከፊት አውጥተዋል። ወገቡ ሲያዝ ቋሚው ወደ ፊት ይወጣል። ፈንዲሻው በመብዛት ያብጣል፤ ቅጠሉ በወገቡ ተይዞ ይነሳል።

መሃሉ ግን ሊገኝ አልቻለም። ስንት ሰንሰለት እንደነበረ፣ ስንት ዙር እንደነበረ የሚናገር ክር አልቀረም። እትዬ ብዙ ዝም ካሉ በኋላ፣ "መሃሉን እኔ አወጣለታለሁ። የእሷ አይሆንም እንጂ" አሉ።

በደብተሩ ላይ እንዲህ ብለው በእጃቸው ጻፉ፦ "ቅጠሉ የአክስቴ ነው። መሃሉ የእኔ ነው።"

አንባቢዎቻችን! እጅ የሚያውቀው ነገር ሰው ሲሞት ይሞታል። የተጻፈ ግን ይቆያል።

በሌላ አገርም

በአየርላንድ አገር ገበሬው የሚኖረው በድንች ነበር። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1845 ድንቹን በሽታ መታው። ረሃቡ እስከ 1852 ድረስ ቆየ። አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አለቀ። በዚያ ክፉ ጊዜ ብዙ የአየርላንድ ሴቶች ዳንቴል በኪሮሽ እየሠሩ በመሸጥ ቤተሰባቸውን አበሉ። ክሎንስ በምትባል ትንሽ ከተማ የቄስ ሚስት የሆነችው ካሳንድራ ሃንድ በ1847 የኪሮሽ ሥራ ትምህርት እንዲሰጥ አደረገች። የአየርላንድ ዳንቴል ዝነኛ የሆነው ብድግ ባሉ አበቦቹና ቅጠሎቹ ነው። አንዱ የአቋጣጠር ዓይነት እስከ ዛሬ "የክሎንስ ቋጠሮ" ይባላል። ትንሽ መንጠቆና ክር በክፉ ቀን የቤት ምሰሶ ሊሆኑ ይችላሉ።

ዋጋውን ማን ያውቃል?

አንዲት ተማሪያችን አምና ሁለት የረከቦት ልብስ ሸጣ ነበር። አንዱ ልሙጥ ነው። አንዱ ፈንዲሻ ያለው ነው። ነጋዴው ሁለቱንም በዓይኑ ለክቶ፣ "እኩል ናቸው" ብሎ እኩል ዋጋ ሰጣት። እኩል ግን አይደሉም። ፈንዲሻ ባለበት ቦታ አንድ ቋሚ ሳይሆን አምስት ቋሚ አለ። ክር ይፈጃል። ጊዜም ይፈጃል።

ስንት ክር እንደሚፈጅ ለማወቅ ዘዴው ቀላል ነው። ከኪሮሿ ጀምራችሁ ክሩን አንድ ክንድ ለኩ። እዚያ ላይ ባለቀለም ክር እሰሩ። እስከ ምልክቱ ድረስ ሥሩ። ስንት ፈንዲሻ ወጣ? ጻፉት። በልሙጡም እንዲሁ ለኩና አስተያዩ።

ከዚያ ሒሳቡን አስቡ። ቁጥሩ ለምሳሌ ብቻ ነው፤ የእናንተን ገበያ ዋጋ አስገቡበት። አንድ ጥቅል ክር 50 ብር ቢሆንና ሥራው 2 ጥቅል ቢፈጅ፣ ክሩ 100 ብር ነው። ሥራው 6 ቀን ቢፈጅና ለቀኑ 40 ብር ብታስቡ፣ የጉልበቱ 240 ብር ነው። ድምሩ 340 ብር ይሆናል። ነጋዴው 200 ብር ቢላችሁ፣ የክሩ 100 ሲቀነስ ለ6 ቀን ድካም 100 ብር ብቻ ይቀራል። በቀን 17 ብር እንኳ አይሞላም።

ይህን ያወቀች ሴት ልትሸጥ ትችላለች፤ እምቢ ልትልም ትችላለች። ግን ሳታውቅ አትሸጥም። ሹራብን መኪና በብዛት ይሠራዋል። የኪሮሽ ሥራ ግን ዛሬም የሰው እጅ ሥራ ነው። የእጅ ሥራ ደግሞ ዋጋው የሚታወቀው የሠራችው ሴት ስትቆጥር ነው።

አያያዙ

ፈንዲሻ ያለውን ዳንቴል ስታጥቡ አትጠምዝዙት። በፎጣ ጨምቃችሁ በጥላ ዘርጉት። በካውያ ስትተኩሱት ከሥሩ ወፍራም ጨርቅ አንጥፉ። ፈንዲሻውን ወደ ታች ገልብጣችሁ በጀርባው ተኩሱ። ፊቱን ከተኮሳችሁት ፈንዲሻው ይጨፈለቃል።

የዚህ ሳምንት ሥራ

ኪሮሽ የማትሠሩ ብዙ ናችሁ። ግን እጁ ምንም የማያውቅ ሰው የለም። አንዷ የመሶብ ስፌት ታውቃለች። አንዷ የጠላ ድፍድፍ መጠን ታውቃለች። አንዱ ሞፈርና ቀንበር ያዘጋጃል። አንዱ የንብ ቀፎ ይሠራል።

እንግዲህ ደብተራችሁን አውጡ። እጃችሁ ከሚያውቀው አንዱን ሥራ ምረጡ። መጀመሪያ ያስተማራችሁን ሰው ስም ጻፉ። ቀጥሎ ሥራውን በቁጥር ጻፉ። ስንት ክንድ? ስንት ስንዝር? ስንት ቀን? ቃሉ ቢረዝምባችሁ እንደ እኛ በአንድ ፊደል አሳጥሩት። ሲያልቅ ለጎረቤታችሁ ስጡና አንብባ ትሥራው። እሷ ካልገባት የጎደለውን ጨምሩበት።

በአንድ ቀን አያልቅም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ደህና ሰንብቱ።